አንድ ሰው ብቻ የገደለ ቀለም

ቢሊሴ በሙሉጌታ ክሊኒክ የምርመራ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ነበር። ከንፈሯ አብጦ የሌላ ሰው ከንፈር መስሏል። የዐይኖቿ ቆብ ተነፋፍቶ፣ አንገቷና ደረቷ ላይ ሳማ የለበለበው የሚመስል ሽፍታ ወጥቶባታል። የግራ እጇ መዳፉን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ የቀረ ሲሆን፣ አንጓዋ ላይ ሳያልቅ የተተወ አንድ ነጭ ፊደል ይታያል።

መቶ አለቃ ትሩፋት አስከሬኑን ከራስ እስከ እግር ቀስ ብላ አየችው። በክፍሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው የክሊኒኩ ባለቤት፣ ጤና ረዳቱ ሙሉጌታ ነው። ሌላዋ ሐኒ ናት። ሐኒ በፖሊስ ምርመራ ክፍሉ የትሩፋት ታይፒስት ስትሆን፣ የሟቿ ደግሞ የቤት ጓደኛ ነበረች። ግድግዳውን ተደግፋ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ታለቅሳለች።

«ምን ሆነች?» አለች ትሩፋት።

«ቀለሙ አልተስማማትም» አለ ሙሉጌታ። «ተሸክመው ሲያመጧት ትንፋሿ ተዘግቶ ነበር። ሰውነቷ አንድ ነገር ሲጠላ እንዲህ ያደርጋል። ያ ኻሚስ የሚባለው ነቃሽ ያመጣው ነጭ ቀለም ነው የገደላት።»

«ፊደሉ ምንድን ነው?»

«ቶ ነው፣ እትዬ» አለች ሐኒ እንባዋን እየዋጠች። «የቶሌራ ቶ። ወንድሟን በደርግ መጨረሻ ወስደው የት እንደጣሉት አይታወቅም። ስሙን በገላዬ ይዤው ልኑር አለች። አጎቷ እንዳያዩባት ነው በነጭ የፈለገችው። ጥቁሩ ንቅሳት ከሩቅ ይታያል፤ ነጩ ግን ሲድን ጠባሳ ይመስላል ተብላ ነበር።»

ትሩፋት ጎንበስ አለችና የሟቿን ክንድ ወደ ብርሃን አዞረች። ከክርኗ በታች፣ ምስር የምታክል አንዲት ፈዛዛ ነጥብ አለች። በጣቷ ዳሰሰቻት። ለስላሳ ናት፤ በዙሪያዋ መቅላትም ማበጥም የለም። ለማያውቅ ሰው የቆየች የወባ ትንኝ ጠባሳ ትመስላለች።

ውጭ ለቅሶ የሰሙ ሴቶች ደረሱ። ሐኒ ልትቀበላቸው ስትወጣ ትሩፋት በዐይኗ ሸኘቻት። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ አሶሳ ስትመጣ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር፤ ቢሮ የተባሉት ክፍሎች ወንበር እንኳ አልነበራቸውም፤ ሰዉም ከየአገሩ የመጣ እንግዳ ነው። የምታድርበት ቤት ፈልጋ ያገኘችላት ሐኒ ናት። ወባ በጣላት ጊዜም አጥሚት ይዛ ግርጌዋ የተቀመጠችው ሐኒ ናት። «እትዬ» ስትላት ትሩፋት እናቷ ያልወለደችላትን ታናሽ እህት ያገኘች ይመስላት ነበር።

«ያመጣት ማነው?» አለች ወደ ሙሉጌታ ዞራ።

«ሐኒና ኻሚስ። ሐኒ እንደ እብድ ሆና ነበር። እኔ ሃይድሮኮርቲዞን ቀድቼ ልወጋት ስል እጄን ጥርቅም አድርጋ ይዛ፣ ‹ምንድን ነው? ፔኒሲሊን እንዳይሆን› አለችኝ። ሰው ሲጨንቀው ሰምቶት የሚያውቀውን የመድኃኒት ስም ሁሉ ይጠራል። ብወጋትም አልተረፈችም።»

«አንተ ቢሊሴን አክመሃት ታውቃለህ?»

የሙሉጌታ ፊት ጠቆረ። «አንድ ቀንም። ሽማግሌ ልኬባት እምቢ ካለችኝ ወዲህ ለራስ ምታት ክኒን እንኳ ከኔ አትገዛም ነበር። መንግሥት ሆስፒታል ነው የምትሄደው።»

ትሩፋት በሐዘን የተሰበረችውን ታይፒስቷን ለቅሶ ቤት እንድትቀመጥ ነገረቻት። በማግሥቱ ግን ሐኒ ጠዋት በሰዓቷ መጣች። ዐይኗ እንዳበጠ ነው።

«ቤት መዋል አልቻልኩም እትዬ። አልጋዋ ፊት ለፊቴ ነው። ሥራ ይሻለኛል» አለችና ወረቀት ወደ ታይፕ መኪናው አስገባች።

ኻሚስን አመጡት። የሃምሳ ዓመት ገደማ ሰው ነው፤ ጉንጩ ላይ የአገሩ ሦስት መስመር አለ። የበርታ ልጅ ነው። በስደት ዘመን ፖርት ሱዳን ሲኖር ከመርከበኞች በመርፌ መንቀስን ተምሮ፣ ክልሉ ሲቋቋም ነው ወደ አገሩ የተመለሰው። በቀርከሃ አጥር ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ይሠራል። አማርኛውን ያገኘው በገበያ ነው።

«ያ ሲት፣ አንተ ስማኝ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ቢሊሴ ጥሩ ሰው ነበር። የኔን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያስተምር እሱ ነበር። እኔ ለምን እገድላለሁ?»

ትሩፋት በዐረብኛ «እመቤት»፣ በአማርኛ «አንተ» መባሉን ለምዳዋለች። «ተቀመጥ። ነጭ ቀለም ከጥቁሩ በምን ይለያል?»

«ነጭ ከባድ ነው። እኔ ለሁሉም ሰው መጀመሪያ እናገራለሁ። ጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ፣ ነጭ ሆኖ አይቀርም። ሲድን ቆዳ ከላይ ይሸፍናል፤ ጠባሳ ይመስላል። ፀሐይ ሲመታው ቢጫ ይሆናል። ቁስሉ ሲድን የሚያብጥ ሰው አለ፣ ጠባሳው የሚያድግ፤ እሱን እኔ አልነካም። ጥቁር ሲሠራ መጀመሪያ በእስክሪቢቶ ይሣላል። በነጭ ግን አይሣልም፤ ሰማያዊው አብሮ ይገባል፣ ነጩ ይቆሽሻል። አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነጥብ አደርጋለሁ። ሂድ፣ ጠብቅ እላለሁ። ካሳከከ፣ ካበጠ፣ አትመለስ። ደህና ከሆነ ተመለስ።»

«ለቢሊሴስ?»

«አድርጌለታለሁ፣ ክንዱ ላይ። ያለፈው ጁምዓ። ትናንት ሲመጣ አየሁት፤ ወላሂ ንጹሕ ነበር። እንዲያውም ሳቀ፣ ‹አይታይም› አለ።»

«ነጥቧም ፊደሉም ከአንድ ጠርሙስ ነው?»

«አንድ ጠርሙስ ነው ያለኝ። ሌላ የለም።» ኻሚስ ግንባሩን ጠረገ። «ግን ያ ሲት፣ ትናንት ቀለሙ ሌላ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ቀን ከሰዓት ለአንድ ሾፌር ሠራሁ፤ ወፍራም ነበር፣ እንደ እርጎ። በማግሥቱ ለቢሊሴ ስከፍተው ቀጠነ፣ እንደ ወተት። ሙቀት ነው ብዬ ሠራሁ።»

ትሩፋት ወደ ፊት ተጠጋች። «ከሾፌሩ በኋላ፣ ከቢሊሴ በፊት፣ ሳጥንህን ማን ነካው?»

የታይፕ መኪናው ድምፅ ክፍሉን ሞልቶታል። ኻሚስ ጉልበቱን ተመለከተ።

«ጠዋት ጓደኛው መጣ። ቢሊሴ ሳይመጣ። ‹ውሃ ጠማኝ› አለ። እኔ ጎረቤት ሄጄ አመጣሁ።»

«የማን ጓደኛ?»

«የሱ። የቢሊሴ።»

«ስሙ ማነው?»

ኻሚስ ራሱን ነቀነቀ። «አላውቅም» አለ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ በኋላ ምንም ቢጠየቅ ከ«አላውቅም» ሌላ አልወጣውም።

ወታደሩ ሲያስወጣው ሐኒ ከወረቀቱ ቀና አለች።

«ሙሉጌታን ማለቱ ነው እትዬ። ሽማግሌ ከላከባት ወዲህ ሰዉ ሁሉ ‹የወንድ ጓደኛዋ› ይለው ነበር። እምቢ ካለችው በኋላ እንኳ በደጃፋችን ማንዣበቡን አልተወም።»

ትሩፋት ይህን ተቀበለችው። ነገሩ ልክ ይመስላል፤ የነገራትም የምታምነው ሰው ነው።

ከቀትር በኋላ ኻሚስ ከማረፊያ ቤት መልእክት ላከ። ቀለሜ መርዝ ከሆነ በገዛ ገላዬ ላይ ይታይ አለ። ትሩፋት ካመነታች በኋላ ፈቀደች። በጠርሙሱ ከቀረው ቀለም ከፊሉን ለምርመራ አሽጋ አስቀመጠች፤ በቀረው ኻሚስ በወታደሮች ፊት የራሱን ክንድ ነቀሰ። ሲመሽ ደህና ነበር። ሲነጋም ደህና ነበር፤ ቁርሱን ጠርጎ በላ።

ትሩፋት ጠርሙሱን በጣቶቿ እያዟዟረች ብዙ ተቀመጠች። ያው ቀለም ያለፈው ሳምንት ቢሊሴን አልነካትም። ያው ቀለም ዛሬ ኻሚስን አልነካውም። በመሃል ግን ቢሊሴን ገድሏል።

በዚያው ጠዋት የቢሊሴ አጎት ገቡ። አቶ ዲንሳ ይባላሉ፤ የባምባሲ ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እናትና አባቷ ከሞቱ ወዲህ ቢሊሴንና ቶሌራን ከወለጋ አምጥተው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«የነቃሹን ያህል ጥፋቱ የኔም ነው የሚሉ ሰዎች አሉ» አሉ። «ተቆጥቻታለሁ፤ አልክድም። ‹በገላችሁ ላይ ምልክት አታድርጉ› ይላል መጽሐፉ። ይህን ካደረግሽ ደጄን አትርገጪ ብያታለሁ። ይኸው፣ አትረግጠውም።»

ትሩፋት ትንሽ ጠበቀቻቸው። «አቶ ዲንሳ፣ ቢሊሴ ከልጅነቷ የማይስማማት ነገር ነበር? ምግብም ይሁን መድኃኒት?»

ሽማግሌው ዐይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «አንድ መርፌ። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ታማ ፔኒሲሊን ወጓት። ከንፈሯ አበጠ፤ ትንፋሿ ተቆረጠ። ዋቃ፣ እግዜር፣ ነው የመለሳት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የዚያ መርፌ ስም አይጠራም። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዳግመኛ ቢነካሽ ትሞቻለሽ ብለዋት ነበር።»

የታይፕ መኪናው ቀጥ አለ። ሐኒ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ግድግዳውን ታያለች።

«ይህን አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም» አለች። «በአንድ ቤት ስንኖር። አንድ ቀን እንኳ።»

ትሩፋት ሽማግሌውን እስከ በር ልትሸኛቸው ተነሣች። ከማንጎው ጥላ ሥር ሲደርሱ ቆሙ።

«ቢሊሴ የሞተች ዕለት እርስዎም አሶሳ ነበሩ አሉ፤ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ንቅሳቱን ላስተዋት ነዋ። ማልጄ ከባምባሲ ተነሣሁ። መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳና ረፈደብን። ያ ሐኪም፣ ሙሉጌታ፣ አጠገቤ ነበር፤ እናቱን ሊጠይቅ ባምባሲ አድሮ። ክሊኒኩን ከፍቶ ገና ኮቱን ሳይሰቅል ነው ተሸክመው ያመጧት። እኔም እዚያው በር ላይ አገኘኋት።»

«በቅርቡ የተለየ ነገር ነግራዎት ነበር?»

«ደስ ብሏት ነበር። ዐወድ የሚባል የድሮ የእስር ቤት ዘበኛ ከስደት ተመልሶ ቶንጎ ገብቷል። ቶሌራን ማን አሳልፎ እንደሰጠው አውቃለሁ፣ ቅዳሜ ለገበያ ስመጣ እነግርሻለሁ ብሎ ላከባት። ለሰው አላወራችም። ለኔና ለቤቷ ሰው ብቻ።»

እሳቸው ሲሄዱ አንዲት ሴት ሰሐን በጨርቅ ጠቅልላ በበሩ ገባች። ከማረፊያ ቤቱ መስኮት ኻሚስ ለዘበኛው ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ሚስቴ መጣ። ምሳ ይዞ መጣ፤ እባክህ አስገባው።»

ትሩፋት ወደ ቢሮዋ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ዞራ መስኮቱ ሥር መጣች፤ ኻሚስንም በለሆሳስ አንድ ነገር ጠየቀችው። ኻሚስ መልስ ከመስጠቱ በፊት የታይፕ ድምፅ ወደሚመጣበት ክፍል ተመለከተ። ከዚያ በኋላ ነው የመለሰላት።

ያን ቀን ምሳ አልበላችም። የፖሊሱን ሾፌር ጠርታ ለማንም ሳይናገር ወደ ቶንጎ እንዲሄድ አዘዘችው። ከዚያ ሙሉጌታ ክሊኒክ ገብታ አንድ ጥያቄ ጠይቃ ወጣች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ሐኒ ተከትላት ደርሳ «ፊትሽ ጥሩ አይደለም እትዬ፣ ወባው ተመለሰብሽ እንዴ?» አለቻት፤ ግንባሯንም በመዳፏ ነካቻት። ትሩፋት የሐኒን እጅ አላስነሣችም። ተሳስቼ ይሆናል ብላ መንገዱን ሙሉ ከራሷ ጋር ተሟገተች፤ መሳሳቷን አጥብቃ ብትመኝም ስሕተቱን አላገኘችውም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ቢሮዋ ሰበሰበቻቸው። አቶ ዲንሳ መስኮቱ ሥር፣ ሙሉጌታ በሩ አጠገብ፣ ኻሚስ በሁለት ወታደሮች መሃል ተቀመጡ። ሐኒ እንደ ወትሮዋ ጥግ ላይ ወረቀት አስገብታ ጠበቀች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ‹ቀለሙ ገደላት› ስንል ቆየን» አለች ትሩፋት። «እንዲያ አይደለም። ኻሚስ ጠንቃቃ ሰው ነው። ከመንቀሱ በፊት አንድ ነጥብ አድርጎላት አስጠብቋታል። ነጥቧን በአስከሬኗ ላይ አይቻታለሁ፤ ድናለች። ቀለሙ የማይስማማት ቢሆን ያኔ በታወቀ ነበር። መርዝም አይደለም፤ ኻሚስ በዚያው ቀለም ራሱን ነቅሶ ይኸው ተቀምጧል። እንግዲህ ያ ቀለም አንድ ሰው ብቻ የሚገድል ሆኖ ነበር ማለት ነው።»

«እንዴት?» አለ ሙሉጌታ።

«አንተ ልታውቀው የሚገባህን ነው የምነግርህ። ፔኒሲሊን በብልቃጥ ሲመጣ ምን ይመስላል?»

«ዱቄት ነው። ነጭ ዱቄት።»

«ጥቁር ቀለም ውስጥ ቢገባ ኻሚስ ያየው ነበር። ነጭ በነጭ ውስጥ ግን አይታይም። በውሃ በጥብጦ የጨመረው ሰው ቀለሙን አቀጠነው፤ ኻሚስም እንደ ወተት ሆነ ያለው ይህን ነው። ለሌላው ሰው ምንም የማያደርግ መድኃኒት ነው። ቢሊሴን ግን በመርፌ ቆዳዋ ውስጥ ሲገባ ገደላት። የቀረውን ቀለም ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ልኬዋለሁ። ይህን ያደረገ ሰው ሁለት ነገር ያሟላል። አንደኛ፣ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ያውቃል። ሁለተኛ፣ ሾፌሩ ከተነቀሰ በኋላ፣ ቢሊሴ ከመምጣቷ በፊት፣ ከሳጥኑ ጋር ብቻውን ቆይቷል።»

«እኔ አውቅ ነበር» አሉ አቶ ዲንሳ።

«ያውቁ ነበር። ግን ያን ጠዋት በባምባሲ መንገድ ላይ ጎማ ሲያስቀይሩ ነበር። ሙሉጌታም አጠገብዎ።»

የታይፕ መኪናው ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ኻሚስ ‹ጠዋት ጓደኛው መጣ› ብሎኝ ነበር። እኔም ወንድ ነው ብዬ ተቀበልኩ። የምተማመንበት ሰው ‹ሙሉጌታ ነው› ብሎ ስለተረጎመልኝ፣ በጆሮዬ የሰማሁትን አልሰማሁትም። ኻሚስ ግን ቢሊሴንም ‹ነበር› ይላታል። እኔንም ‹አንተ› ይለኛል። ትናንት ደግሞ ‹ሚስቴ ምሳ ይዞ መጣ› ሲል ሰማሁት። በእሱ አማርኛ ሴት የሚባል የለም።» ትሩፋት ኻሚስን በእጇ አመለከተች። «‹ጓደኛው› ያለው ጓደኛዋን ነው፤ ትናንት በመስኮት ጠይቄው አረጋግጦልኛል። ስሟን ስጠይቀው ያልተናገረው፣ በፖሊስ ቤት ውስጥ የፖሊስን ሰው ፊት ለፊት መክሰስ ፈርቶ ነው። እዚሁ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ቃሉን እየጻፈች ነበር።»

የታይፑ ድምፅ ቆመ። ሁሉም ወደ ጥጉ ዞረ።

«እትዬ» አለች ሐኒ። «ውሃ ጠምቶኝ ገባሁ፤ ይህ ወንጀል ነው? ፔኒሲሊን እንደማይስማማት እኔ በምን አውቃለሁ? ትናንት ነው ከአጎቷ አፍ የሰማሁት።»

«እንዲያ ብለሻል፤ እኔም ሰምቼሻለሁ። ሙሉጌታ፣ ቢሊሴን ያመጧት ዕለት ሐኒ እጅህን ይዛ ምን አለችህ?»

ሙሉጌታ ገና አሁን የገባው ይመስል ቀስ ብሎ ተናገረ። «‹ፔኒሲሊን እንዳይሆን› አለችኝ።»

«ሰኞ ዕለት ከአንተ ምን ገዝታ ነበር?»

«አንድ ብልቃጥ ፔኒሲሊን። ጉሮሮዬን አሞኛል፣ የምትወጋኝ ነርስ አለች ብላ።»

ሐኒ እጇን ከታይፑ ላይ አነሣች፤ ከዚያም ልማድ ሆኖባት መልሳ ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አሳረፈች።

«አትጻፊው ሐኒ» አለች ትሩፋት። «ይህን እኔ እጽፈዋለሁ።»

በሩን ከፍታ ምልክት ሰጠች። ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀጭን ሰው ገባ። ዐወድ ነው። ከቶንጎ የመጣበት አቧራ ገና ከጫማው አልረገፈም። ማንንም ሳይጠይቅ ሐኒን አይቶ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ይቺ ናት» አለ። «ያኔ የፓርቲው ቢሮ ታይፒስት ነበረች። መኪና ውስጥ ሆና የቶሌራን መደበቂያ ቤት በጣቷ አሳየች። አጃቢው እኔ ነበርኩ።»

አቶ ዲንሳ ከወንበራቸው ተነሡ። አንድ ነገር ያደርጋሉ ብለው ወታደሮቹ ተጠጉ፤ እሳቸው ግን ቆመው ቀሩ። «በቤቴ በልተሻል» አሉ። «ለፋሲካ ከእሷ ጋር መጥተሽ በቤቴ በልተሻል።»

ሐኒ አልካደችም። ድምፅዋ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

«አባቴን አስረውት ነበር። ቶሌራን ካሳየሽን እንፈታዋለን ብለው ማሉልኝ። አሳየኋቸው። የአባቴን ሬሳ ሰጡኝ።»

«ከቢሊሴ ጋር ለምን አንድ ቤት ገባሽ?» አለች ትሩፋት።

«ልክሳት ብዬ ነበር። ብቻዋን ነበረች። ምግብ ሠርቼላት፣ ስትታመም አስታምሜያት፣ እነግራታለሁ እያልኩ። አፌን ከፍቼ የተውኩበት ቀን ብዙ ነው። ስቆይ ደግሞ መቆየቴ ራሱ ሌላ ክህደት ሆነብኝ። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣችና አቀፈችኝ። ‹ሐኒዬ፣ ያ ሰው ተገኘ፤ ቅዳሜ ስሙን ይነግረኛል፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ› አለችኝ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ ነው ያለችው።»

ኻሚስ ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ።

«ታዲያ ክሊኒኩ ውስጥ እጁን ለምን ያዝሽው?» አለች ትሩፋት። «ባትናገሪ ኖሮ እኔ ምንም አልነበረኝም።»

«አላውቅም። ጠዋት ስበጠብጠው እጄ አልተንቀጠቀጠም። ‹ሐኒ ያዥኝ› ስትለኝ ግን... ያን ጊዜ ያደረግሁትን የረሳሁ ይመስለኛል። እንድትድን ፈልጌ ነበር።»

«እንባሽስ?»

«እንባዬ እውነት ነበር፣ እትዬ።»

«መቶ አለቃ በይኝ» አለች ትሩፋት።

ሐኒ ይህን ስትሰማ ነው የተሰበረችው። ወታደሮቹ ክንዷን ይዘው አወጧት። በሩ ላይ አንድ ጊዜ ዞር ብትልም ትሩፋት ወደ መስኮቱ ታይ ነበር።

ኻሚስ በዚያው ሰዓት ተለቀቀ። ትሩፋት ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም «አልሐምዱሊላህ፣ አንተ ልብ ያለው ሰው ነህ» ብሎ እጇን ጨበጠ። ነጭ መንቀስ ግን ከዚያ በኋላ ተወ። ሰው ሲጠይቀው ቀለሙ አልቋል ይላል። ዐወድ አቶ ዲንሳን ይዟቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ስፍራ ሄደ፤ ቶሌራ ያረፈበትን አሳያቸው። ሽማግሌው ቢሊሴንም እዚያው ወንድሟ አጠገብ አሳረፏት። አንጓዋን ሳይሸፍኑ ቀበሯት አሉ፤ እውነት መሆኑን ትሩፋት አልጠየቀችም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዲስ ታይፒስት ተመደበች። ከመንዲ የመጣች፣ ፈገግታ የማይለያት ወጣት ናት። በመጀመሪያው ጠዋቷ ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ትሩፋት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«ቁርስ ሳይበሉ ነው የሚገቡት ስላሉኝ ነው፣ እትዬ» አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ትሩፋት። «ከየት ነሽ? የማን ልጅ ነሽ? ከዚህ በፊት የት ሠርተሻል? አሶሳ ውስጥ ማንን ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ አንድ በአንድ መለሰች። ጥያቄው ቀጠለ። መሃል ላይ ፈገግታዋ ጠፋ፤ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቀጥ ብላ ቆመች። ትሩፋት ይህን አየች፤ ማቆም እንዳለባትም ታውቃለች፤ አላቆመችም። ልጅቷ ሲፈቀድላት ወደ ጥጉ ሄዳ ተቀመጠች። ዳቦው ሳይቆረስ ዋለ።